ጥቆማ፦ የካፒቴን ማጂድን (የኳስ ካርቱኑን) መረጃ ሳይምታታ በምን ልያዝ ለምትሉ

ሰላም ወገን፣ ባለፈው "ማጂድ ባርሳ ሲገባ ስንት ቁጥር ለበሰ" ብዬ ስለጥፍ ግማሹ 10 ግማሹ 28 እያለ ሲጨቃጨቅ አመሸ (28 ነው፣ 10ን ሪቫውል የሚባለው የባርሳ ተጫዋች ይዞታል)። ከዛ ወዲህ ኢንቦክሴን የሞላው አንድ ጥያቄ ነው፣ ይሄን ሁሉ የት ጽፈህ ነው የምትይዘው የሚል። እሺ፣ ሁለት አመት ሙሉ ያደከመኝን ልዘርግፈው።

ነገሩ ለምን እንደሚምታታ ላላያችሁት፣ እኛ በዲሽ ስፔስቱን ላይ በአረብኛ ነው ያደግንበት፣ ማጂድ፣ ያሲን፣ ባሳም፣ ወሊድ እያልን። ጃፓኖቹ ጋ ማጂድ ጹባሳ ኦዞራ ነው፣ ያሲን ታሮ ሚሳኪ፣ ባሳም ኮጂሮ ህዩጋ፣ ወሊድ ጌንዞ ዋካባያሺ። ጣሊያን ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ማጂድን ሆሊ ወሊድን ቤንጂ ነው የምትለው፣ በስልክ ስናወራ ግማሽ ሰአት የተለያየ ካርቱን ያየን መስሎን ነበር። ስሙ ብቻ ቢሆን ደግ፣ ደራሲው ታካሃሺ ማንጋውን (ካርቱኑ የተሰራበትን የጃፓን ኮሚክ) እ.ኤ.አ. በ1981 ጀምሮ መጽሄት ላይ ማውጣቱን ያቆመው በ2024 ነው፣ አኒሜው (በቲቪ ያየነው ካርቱን) ደግሞ በ1983 ወጣ፣ ከዛ በ1994፣ በ2001 እና በ2018 እንደገና ተሰራ፣ በተሰራ ቁጥር ልጅነቱ እንደ አዲስ ይተረካል። አንዱ ላይ ያየኸውን ከሌላው ጋር ቀላቅለህ ከጻፍክ በቃ አለቀልህ።

ወደ እቃው ልግባ።

ደብተር። በሲናርላይን ነው የጀመርኩት፣ እያዩ ለመጻፍ አሪፍ ነው ግን ከ128 ክፍል (የ1983ቱ ብቻውን ማለት ነው) ውስጥ አንድ ነገር ፈልግ ስትባል ገጽ ስትገልጥ ትመሻለህ። ወረቀት ለምትወዱ ግን እኔ የምለው ደብተሩን ትታችሁ መርካቶ ጽህፈት መሳሪያ ተራ ሄዳችሁ የሂሳብ መዝገብ ግዙ፣ ባለሱቆች ዱቤ የሚጽፉበት ያ ትልቁ። መስመሩም አምዱም ተሰምሮ ነው የሚመጣው፣ ከመቶ የሚያምር ዲያሪ ይበልጣል።

ኖሽን (ማስታወሻ መያዣ አፕ)። ያምራል፣ እውነት ያምራል፣ ከለሩን ሳስተካክል አንድ ቅዳሜ ሙሉ አልፎ ስለ ማጂድ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ኔት ሲቆራረጥ ደግሞ አስለቅሶኛል። ሌላው የማስታወሻ አፕ ኦብሲዲያን ፋይሉን ስልክህ ላይ ስለሚያስቀምጥ በዚህ ይሻላል፣ ግን ለብቻህ ከሆነ ነው እንጂ ከሰው ጋር ለመስራት አይመቸኝም።

ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ የምትሉ ደግሞ፣ እሱ ማስቀመጫ አይደለም መጣያ ነው፣ አትቀየሙኝ።

እኔ የቀረሁት ጉግል ሺት ላይ ነው። ነጻ ነው፣ ኦፍላይን ካደረግከው ታክሲ ውስጥም ይከፍታል፣ ማን ምን እንደቀየረ ቨርዥን ሂስትሪው ያሳብቃል። ጅዳ ያደገ ጓደኛ አለኝ፣ የአረብኛውን ኮለም እሱ ነው የሚሞላው፣ የማጂድን አሰልጣኝ ሮቤርቶን "ፈዋዝ" ብሎ ሲጽፍ ተሳስቷል ብዬ አጥፍቼበት ነበር፣ ለካ አረብኛው ላይ በትክክል ፈዋዝ ነው፣ ሂስትሪውን ከፍተን መለስነው፣ እስካሁን ያነሳብኛል።

ግን አፑ ምንም ይሁን ዋናው ሁለት ኮለም ነው፣ "የቱ ላይ" እና "ክፍል ወይም ገጽ"። እነዚህን ካልሞላሁ መስመሩን ቀይ አደርገዋለሁ፣ ቀይ ከሆነ ፖስት አላደርገውም። መዝገቤ ላይ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹን ፍጻሜ፣ የማጂድ ናንካትሱ ከባሳም ቶሆ የተጫወቱትን፣ "ማጂድ በላ" ብዬ ከልጅነት ትዝታ ጽፌው ነበር፣ ኮለሙን ልሙላ ብዬ ማንጋውን ስከፍት 4 ለ 4 ነው የወጡት፣ ዋንጫውን በጋራ ነው የወሰዱት። ሃያ አመት ሙሉ በውሸት ስፎክር ኖሬያለሁ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ የፊደሉ ጉዳይ። ጹባሳ፣ ፁባሳ፣ ትሱባሳ፣ ሁሉንም ጽፌአለሁ፣ በጸሎቱ "ጸ" የጻፍከውን በፀሐዩ "ፀ" ሰርች ብታደርገው አያመጣልህም፣ የለም ብለህ ድጋሚ ትጽፈዋለህ፣ ከዛ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። ህዩጋም በሀ በሐ በኀ ያው ነው። መፍትሄው ስሙን በእጅ አለመጻፍ ነው፣ ድሮፕዳውን ሰርታችሁ ከዛ ብቻ ምረጡ። ኪቦርድ ፊንጂዝንም ጂቦርድንም ሞክሬአለሁ፣ ለኔ ፊንጂዝ ይፈጥናል፣ የጂቦርድ በድምጽ መጻፊያው ለአማርኛው ጥሩ ነው የጃፓን ስም ሲመጣ ግን የሚጽፈው ነገር ያስቃል።

አመተ ምህረቱንም አንድ ወስኑ። እኔ ሁሉንም በፈረንጅ ነው የምይዘው፣ የኛ 1973 እና የፈረንጁ 1981 ተቀላቅለውብኝ ማንጋው ከኛ ታላቅ ወንድም በፊት ተወልዷል አልተወለደም ተብሎ ቤት ውስጥ ጸብ ነበር።

ማተም ለምትፈልጉ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በስፓይራል ማስጠረዝ ይበቃል፣ ግን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ። አንዱ ቤት (ስሙን ተዉት) ፋይሌን ድሮ በፓወር ግዕዝ ፎንት የጻፍኩት ክፍል ስላለው ሲከፍተው የላቲን ፊደል ጥርቅም ሆነ፣ እሱም ሳያይ 60 ገጽ አተመልኝ። ድሮ በዛ የጻፋችሁት ካለ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት።

ኤዲት፦ የካርቱኑ ሜዳ ስንት ሜትር ነው ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ሶስት ሰዎች፣ በሱ ኮለም ከፍቼ ነበር፣ ማጂድ ኳስ ይዞ ከሜክሲኮ ተነስቶ ሳሪስ ሲደርስ ገና ጎሉ አልታይ ስላለኝ ዘጋሁት።