አዲስ ደንበኛ ለሚያመጣ የሽያጭ ሠራተኛ ፍትሐዊ ኮሚሽን እንዴት ይሰላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የደኅንነት ካሜራ የሚያቀርብና የሚገጥም አነስተኛ ድርጅት አለኝ። እስካሁን ሥራ የምናገኘው በነባር ደንበኞች ጥቆማ ነበር፤ አሁን ግን ሆቴሎችን፣ ትምህርት ቤቶችንና የሕንፃ አስተዳዳሪዎችን እየዞረች የምታነጋግር የሽያጭ ባለሙያ ልቀጥር ነው። አነስ ያለ ቋሚ ደመወዝና ከእያንዳንዱ አዲስ ውል 10 በመቶ ኮሚሽን ጠይቃለች። ጎበዝ ስለሆነች ላጣት አልፈልግም፤ ሆኖም በአንዳንድ ሥራዎች ላይ ይህን ከከፈልኩ ለድርጅቱ የሚተርፍ ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ለሁለታችንም የሚበጀው ስሌት የትኛው ነው? ክፍያውስ መቼ ይፈጸም?

መልስ 1

ወንድሜ፣ ከመቶኛው በፊት መወሰን ያለበት 10 በመቶው ከየትኛው ገንዘብ ላይ እንደሚሰላ ነው። አንድ ውል 400,000 ብር ነው እንበል። 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት ደረሰኙ 460,000 ብር ይሆናል፤ 60,000 ብሩ ግን ለመንግሥት የሚገባ ስለሆነ በኮሚሽኑ ስሌት ውስጥ አይገባም። ከ400,000 ብሩ ለካሜራ፣ ለመቅጃና ለኬብል 280,000፣ ለገጣሚዎችና ለመጓጓዣ 40,000 ብር ቢወጣ የሚቀረው ያልተጣራ ትርፍ 80,000 ብር ነው። ከሽያጩ 10 በመቶ ሲከፍሉ 40,000 ብር፣ ማለትም የቀረው ግማሽ ይሄዳል፤ የቢሮ ኪራይና ግብር ገና አልተነሣም።

ስለዚህ ከሽያጩ ሳይሆን ካልተጣራው ትርፍ ይክፈሉ። 25 በመቶ ቢስማሙ በዚህ ሥራ 20,000 ብር ታገኛለች። የዚህ ስሌት ትልቁ ጥቅም በቅናሽ ጊዜ ይታያል፦ ውሉን ለማስፈረም ስትል 50,000 ብር ብትቀንስ ያልተጣራው ትርፍ 30,000 ብር ብቻ ይሆናል፤ በሽያጭ ዋጋ ስሌት እሷ 35,000 ብር ስታገኝ ድርጅቱ 5,000 ብር ይጎድለዋል። በትርፍ ስሌት ግን የእሷም ድርሻ ወደ 7,500 ብር ስለሚወርድ ዋጋውን እንደ እርስዎ ትጠብቃለች።

መልስ 2

እኔ ለብዙ ዓመታት በሽያጭ ላይ የሠራሁ ነኝና በትርፍ ስሌቱ ብስማማም አንድ ከባድ ችግር አለበት፤ ወጪውን የሚያውቀው አሠሪው ብቻ ነው። ሠራተኛዋ ሥራውን አምጥታ፣ ውሉ ተፈርሞ፣ በመጨረሻ «ዕቃው ስለተወደደ የቀረ ትርፍ የለም» ከተባለች ሁለተኛ ደንበኛ ለማምጣት ልብ አይኖራትም። በተለይ የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ፕሮፎርማ በተሰጠበትና ዕቃው በተገዛበት ቀን መካከል ዋጋ ሊለወጥ ይችላል። ይህን ሥጋት እሷ ልትሸከመው አይገባም፤ የዕቃ ዋጋን መወሰንም፣ ቀድሞ መግዛትም የአሠሪው ሥልጣን ነውና። ስለዚህ ፕሮፎርማው በሚወጣበት ዕለት የታሰበው ወጪ በአንድ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ ኮሚሽኑም በዚያው ይሰላ።

ክፍያውን በተመለከተ ገንዘቡ ሲሰበሰብ መክፈሉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ደንበኛው ግማሹን በቅድሚያ ከከፈለ የኮሚሽኑም ግማሽ በዚያው ወር ይከፈላት። ከዚህ ሌላ «አዲስ ደንበኛ» ማለት ማን እንደሆነ ይጻፍ። አሁን ያሉትንና ፕሮፎርማ የጠየቁትን ዘርዝራችሁ ከውሉ ጋር አያይዙ፤ ሥራ ብትለቅም ቀድማ ያስፈረመችው ውል ኮሚሽን የእሷ መሆኑ በግልጽ ይስፈር።

መልስ 3

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 መሠረት ኮሚሽን እንደ ደመወዝ አይቆጠርም። የዓመት ፈቃድ ክፍያም ሆነ የሥራ ስንብት የሚሰላው በደመወዝ ላይ ስለሆነ፣ ቋሚው ደመወዝ እጅግ ካነሰ ሠራተኛዋ በእነዚህ ሁሉ ትጎዳለች። ለግብር ሲሆን ግን ኮሚሽኑ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ነውና በደመወዝ መክፈያ ሰነዱ ላይ አብሮ ተመዝግቦ ግብሩ ይቀነስ፤ በስሌታችሁ የተጠቀሰው ገንዘብ ከግብር በፊት መሆኑንም አስቀድመው ይንገሯት።

በብርቱ የማሳስብዎት ሌላ ነገር አለ። ኮሚሽኑ ለደንበኛው ድርጅት የግዢ ሠራተኛ በምንም መልኩ እንዳይካፈል በውሉ ላይ ይከልክሉ። እንዲህ ያለው ገንዘብ ጉቦ ነው፤ ሠራተኛዋንም ድርጅትዎንም በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወጪውን ወረቀት አብሮ የመፈረሙን ሐሳብ ተቀብዬዋለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ካሜራውን ከገጠምን በኋላ ደንበኛው በየዓመቱ የጥገና ውል ቢያድስ ኮሚሽኑ ይቀጥላል?

መልስ 1

ለመጀመሪያው ዓመት የጥገና ውል ሙሉውን ኮሚሽን ይክፈሏት፤ ያንንም ያመጣችው እሷ ናት። በሁለተኛው ዓመት ደንበኛውን የሚያቆየው በአብዛኛው የቴክኒሻኖቹ አገልግሎት ስለሆነ፣ እድሳቱን ራሷ ተከታትላ ካስፈረመች ብቻ ከ25 በመቶው ወደ 10 በመቶ ዝቅ አድርገው ይስጧት። ከዚያ በኋላ ላሉት ዓመታት ደንበኛው የድርጅቱ ነባር ደንበኛ ይሁን፤ አዲስ ሕንፃ ወይም ቅርንጫፍ ላይ ሥራ ካመጣች ግን እንደ አዲስ ውል ይቆጠርላት።