የአባባን የሰልፍ ጎራዴ ግድግዳ ላይ የምሰቅልበት ሰሌዳ ልሠራ ነው፤ እርዱኝ

ጥያቄ፤ ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን

ሰላም ለሁላችሁ። አባባ የሐረር ጦር አካዳሚ ምሩቅ ናቸው። በሰልፍ ቀን ይታጠቁት የነበረው ጎራዴ ስንት ዘመን ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ኖረ። ባለፈው ሳምንት አወጣሁት። ስለቱ ላይ የተቀረጸው የይሁዳ አንበሳ አሁንም ጥርት ብሎ ይታያል። እጀታው አጠገብ ግን ሁለት የዝገት ነጠብጣብ አለ።

ከነእጀታው 96 ሳንቲ ነው። ሰገባው ቆዳ ነው፣ አፉና ጫፉ ነሐስ። ለጥምቀት ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ሳሎን ተሰቅሎ እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ምን እንጨት ልጠቀም? በምን ይያዝ? ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ቤት ውስጥም ትንንሽ ልጆች አሉ። እንጨቱን ከሐረር ላመጣ አስቤያለሁ።

መልስ፤ አናጺ ነኝ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ

አቦ ደስ የሚል ሥራ ነው የያዝከው። ዋንዛ ውሰድ። ለመላግ ይመቻል፣ ቀለሙም ያምራል። 1 ሜትር ከ10 በ35 ሳንቲ፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ተኩል ይበቃሃል።

እንጨቱ ከሐረር በመጣበት ቀን እንዳትቆርጠው። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ እኛ 1,200 አካባቢ ነን። የድሬ ሙቀት ሲያገኘው ይሰበሰባል፣ ይጣመማል። እዚያው የሚሰቀልበት ሳሎን ውስጥ ሦስት ሳምንት ይሰንብት። ግድግዳ ላይ አታስደግፈው፤ ከሥሩ ሁለት ጣውላ አድርግና አጋድመው።

አሁን ዋናው ነገር። ጎራዴውን በጨርቅ ይዘህ አንድ ጣትህ ላይ አስተኛው። ወዲህም ወዲያም ሳይደፋ የሚቆምበትን ቦታ ፈልግ። መሐሉ ላይ አታገኘውም፣ ወደ እጀታው ይጠጋል። አንዱ ችካል ከዚያ ቦታ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ይሁን። ብዙ ሰው ርዝመቱን ሦስት ቦታ ከፍሎ ይበሳል፤ ከዚያ እጀታው ይከብድና ይደፋበታል። ችካሉ 15 ሚሊ ውፍረት ይኑረው። ጫፉ ወደ ላይ ትንሽ ቀና እንዲል አድርገህ ብሳው። የሚነካበትን ቦታ ስስ ቆዳ አልብሰው። ጎራዴው ላይ ግን ብሎን፣ ኮላ፣ ምስማር የሚባል ነገር እንዳይደርስ!

ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ አጭር ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) አይዝልህም። ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ወይም የቤቱን አግድም የኮንክሪት ማሰሪያ ፈልገህ እዚያ ላይ ብሳ።

መልስ፤ ከሐረር፣ ቅርስ ጥገና ላይ የሠራሁ

አናጺው ያሉት ሁሉ ደህና ነው። ቆዳውን ብቻ ተወው። ቆዳ ሲለፋ የገባበት ኬሚካል ውስጡ ይቀራል፣ እርጥበትም ይይዛል። ነሐስ ላይ ሲቆይ አረንጓዴ ነገር ያወጣል። ብረት ላይ ዝገት። እነዚያ ሁለት ነጠብጣቦችም ከሰገባው የመጡ ይመስለኛል። ስለዚህ ስለቱንና ሰገባውን ለያያቸው። ሁለት ረድፍ ችካል አድርግ፤ ጎራዴው ከላይ፣ ባዶ ሰገባው ከሥር። ለችካሉ ታጥቦ ቀለሙ የማይለቅ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። የሱፍ ጨርቅም አይሁን። ሱፍ ውስጥ ድኝ ስላለ ብርና ነሐስን ያጠቁራል።

ቺፑድና ኤምዲኤፍም፣ ማለት ተፈጭቶ በኮላ የተጫነ ጣውላ፣ አትንካ። የሚያወጡት ትነት ብረት ይበላል። አዲስ ቫርኒሽም እንደዚያው ነው። ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ፣ ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት፣ ጎራዴውን አታስጠጋው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮንም አለ፤ እሱን ሰሌዳው አካባቢ እንዳታደርስ።

ለዝገቱ፦ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርግበት፣ አንድ ቀን ይዋል፣ በጥጥ ቀስ ብለህ ጥረገው። ካልለቀቀ ድገመው። እባክህ፣ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው። ሎሚና ጨውም የእቃ ማጠቢያ ልማድ ነው፣ ለዚህ አይሆንም። ያ አንበሳ የተቀረጸው በጣም ስስ ሆኖ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። በእጅህም አትንካው። የድሬ ላብ ጨው ነው፣ የጣት አሻራ ብረት ላይ ይቀራል።

አናጺው

ልክ ነሽ እህቴ። እኔ ለእንጨቱ ነው ያሰብኩት። ጥጥ ይሁን። ልጆች ስላሉ ደግሞ ስለቱ ያለ ሰገባ ከሆነ ከፍ ይበል። የታችኛው ረድፍ ከወለል 1 ሜትር ከ80 በታች አይሁን፣ ከሥሩም ሶፋ አታድርግ። እጀታውን በቀጭን የናይለን ክር ከችካሉ ጋር እሰረው፤ ከሩቅ አይታይም።

መልስ፤ የቀድሞ ወታደር፣ ድሬዳዋ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። እዚያ አካዳሚ በ1950ዎቹ ሕንድ መኮንኖች ያስተምሩ ነበር። ካዴቱ የጫማው ክር ሳይቀር ይታይ ነበር። አባትህም ጎራዴው ጠማማ ሆኖ ቢሰቀል እንቅልፍ አይወስዳቸውም፣ ስለዚህ ውሃ ልክ ተጠቀም።

ከሥሩ ነሐስ ላይ ስም አስቀርጽ፤ ማህተም የሚቀርጹት ይሠሩልሃል። ስም፣ ማዕረግ፣ አካዳሚውና የተመረቁበት ዓመት ይበቃል። ማዕረጉን ሰው ከሚጠራቸው አትውሰድ፣ ወረቀታቸውን እይ። ከማስቀረጽህ በፊት ደግሞ ጽሑፉን ለራሳቸው አንብብላቸው። ስማቸውን ራሳቸው ያርሙት።

ጠያቂው፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዋንዛው ሲሰነብት በእርግጥም አንድ ጠርዙ ተነስቶ ነበር፣ ላግነውና ተስተካከለ። አንዱ ነጠብጣብ በሦስተኛው ዘይት ለቀቀ፤ ሌላው ጥላው ቀርቷል፣ ተውኩት።

ጽሑፉን ለአባባ አነበብኩላቸው። ማዕረጉን አላረሙም። የአያቴ ስም ላይ ግን አንድ ፊደል አስለወጡኝ። ከዚያ ጎራዴውን አምጣ አሉ። ጨርቅ ሰጠኋቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቢሆንም ጣታቸው ላይ አስተኙት፤ በመጀመሪያው ሙከራ ቆመ። ችካሉን የበሳሁት እሳቸው በእርሳስ ባመለከቱት ቦታ ነው። ቫርኒሹ ገና ይሸታል፣ ስለዚህ ለጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው እሰቅለዋለሁ።