ላገለገለ ደብል ቤዝ የጥገና ጥቆማ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የቱን ሥራ ለማን?

ያገለገለ ደብል ቤዝ (ከቫዮሊን ቤተሰብ ትልቁን፣ ቆመው የሚጫወቱትን ባለ ክር መሣሪያ) ገዝታችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ማን ዘንድ እንደምትወስዱት ግራ ከገባችሁ፣ ሁሉንም ሥራ ለአንድ ባለሙያ አትስጡ። አናጢው፣ ጊታር ጠጋኙና ማሲንቆ ሠሪው እያንዳንዳቸው የሚችሉት ሥራ አላቸው፤ የማይችሉትን ግን አስቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ከሁሉ በፊት ሣጥኑ ከምን እንደተሠራ እዩ። በፊቱ ላይ ባሉት የድምፅ ቀዳዳዎች ጠርዝ የተነባበሩ ስስ ሽፋኖች ከታዩ ኮምፔንሳቶ ነው። ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን በየሆቴሉ እየተጫነ ለሚዞር መሣሪያ እሱን እመርጣለሁ፤ ወጥ እንጨት በበጋው ደረቅ አየር ሲሸማቀቅ እንደሚሰነጠቀው እሱ በቀላሉ አይሰነጠቅምና።

አናጢው በሞርሳና በመላጊያ ሥራ ከማንም አያንስም፤ አደጋው ኮላው ላይ ነው። ቀድሞ የነበረኝን የወጥ እንጨት ደብል ቤዝ አንድ ወርክሾፕ የተላቀቀ የጎን መጋጠሚያውን በተለመደው ነጭ ኮላ ደፍኖ መለሰልኝ፤ በቀጣዩ በጋ መጋጠሚያው ንቅንቅ ሳይል ፊቱ ራሱ ከአጠገቡ ተሰነጠቀ። የዚህ መሣሪያ መጋጠሚያ ከከብት ቆዳ በሚሠራ ኮላ የሚያያዘው፣ እንጨቱ ሲጨነቅ ቀድሞ እንዲለቅ፣ ጠጋኙም በሙቀትና በእርጥበት እንዲከፍተው ነው። ስለዚህ ኮላውን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዲያሞቀው እንጂ እንዳያፈላው ንገሩት።

ጊታር ጠጋኙን ለጣት ሰሌዳውና ክሮቹን ከሣጥኑ ፊት ከፍ አድርጎ ለሚይዘው ብርኩማ እመርጠዋለሁ። ፍሬት (እንደ ጊታር ያለ የብረት መስመር) የሌለው ይህ ሰሌዳ ርዝመቱን ተከትሎ መሐሉ በጥቂቱ እንዲሰረጉድ ሆኖ ካልተላገ ክሩ ይንጫጫል። በሰሌዳው መጨረሻ ላይ ቀጭኑ የጂ ክር ከ5 እስከ 6፣ ወፍራሙ የኢ ክር ከ8 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል በጣት ለሚጫወት ሰው ይመቻል፤ በደጋን ለሚጫወት ትንሽ ይጨመርበታል። በብርኩማው እግሮች ላይ የሚሽከረከር ማስተካከያ ማስገባት ደግሞ ወጪው የማይቆጭ ሥራ ነው፤ በክረምት እንጨቱ እርጥበት ስቦ ሲያብጥ ክሩ ከፍ፣ በበጋ ዝቅ ስለሚል ብርኩማውን ከመፋቅ ማስተካከያውን ማዞር ይቀላል።

ሁለቱም እንዳይነኩት የምለው የድምፅ ምሰሶውን ነው። ሣጥኑ ውስጥ፣ በቀጭኑ ክር በኩል ካለው የብርኩማ እግር ጥቂት ወደ ታች፣ ያለ ኮላ ተጨናንቆ ብቻ የቆመ ድቡልቡል እንጨት ሲሆን፣ ክሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከረገቡ ሊወድቅ ይችላል። ወድቆ ሳለ ክር ማጥበቅ ፊቱን ያሰምጣል። ይህን በቫዮሊን ወይም በቼሎ ላይ የሠራ ሰው ያስፈልጋል፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አካባቢ ባለ አውታር መሣሪያ የሚያስተምሩትን መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው።

ማሲንቆ ሠሪው ለደጋኑ ነው። የፈረስ ጭራ መምረጥ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ የደብል ቤዝ ደጋን ጭራ ግን በቋጠሮና በትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ስለሚያዝ አሮጌው ሳይነቀል አሳዩት።

ክር የመጨረሻው ግዢ ይሁን። በጣት ብቻ ለሚጫወት የቪየናው ቶማስቲክ ስፓይሮኮር ድምፁ ረጅም ስለሚዘልቅ ቀዳሚ ምርጫዬ ነው፤ ለደጋን ግን እልኸኛ ነው። ሁለቱንም ለሚያፈራርቅ የዳዳሪዮ ሄሊኮር ሃይብሪድ ይሻላል። የፒራስትሮ ኢቫ ፒራዚ ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ለመጀመሪያ ክር አይመከርም። ከውጭ ለሚያመጣላችሁ ሰው፣ የክሩ የሚጫወት ርዝመት (ከጣት ሰሌዳው ላይኛ ጫፍ እስከ ብርኩማው) ከ104 እስከ 106 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሦስት አራተኛ መጠን ብላችሁ ጻፉለት። አዲሱ ከከበዳችሁ ያገለገለ ስፓይሮኮር ግዙ፤ ብዙ ተጫዋቾች ለዓመታት አይቀይሩትም።