ዩኒቨርስ እየጠበበ ቢሆን የሌሊቱ ሰማይ ምን ይመስል ነበር?

የደጋው መምህር፦
ጤና ይስጥልኝ። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ከልጄ ጋር ደጅ ተቀምጠን ዩኒቨርስ እየሰፋ መሆኑን ስነግራት «አባዬ፣ ዛሬ መጥበብ ቢጀምርስ? እዚህ ቁጭ ብለን እናውቃለን?» አለችኝ። ኮከቦቹ ሁሉ ሰማያዊ ይሆናሉ አልኳት። ጋደም ብዬ ሳስበው ግን ልክ አልመስልህ አለኝ። ምን ልበላት?

ሰማይ ወዳድ፦
መምህር፣ ልጅዎ ትባረክ! በዓይን የምናያቸው ኮከቦች በሙሉ የራሳችን ጋላክሲ (ግዙፍ የኮከቦች ስብስብ)፣ የፍኖተ ሐሊብ ናቸው። ስበት አንድ ላይ ይዟቸዋል፤ የዩኒቨርስ መስፋትም ሆነ መጥበብ አይነካቸውም። ዛሬ ቢጀምር ነገም ያው ሰማይ ነው። ደግሞ አሁንም ወደ እኛ የሚመጣ ጋላክሲ አለ፦ አንድሮሜዳ። የሚቀርበን ነገር ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ የሚርቀን ደግሞ ወደ ቀይ ያደላል፤ የእሷ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ማድላቱን አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ስላይፈር በ1912 እ.ኤ.አ. ለክቶታል። ኅዳር ላይ፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዞራችሁ ቀና በሉ። እንደ ብናኝ ጉም ናት። 2.5 ሚሊዮን ዓመት የተጓዘ ብርሃን! እኔ ባየኋት ቁጥር እንደ አዲስ ይገርመኛል።

ተማሪ ነኝ፦
በትልቅ ቴሌስኮፕ የሚያይስ?

ሰማይ ወዳድ፦
እሱ ቀስ በቀስ ያውቃል። የቅርብ ጋላክሲዎች ብርሃን ቀድሞ ስለሚደርስ መጀመሪያ ወደ ሰማያዊ የሚዞሩት እነሱ ናቸው። የሩቆቹ ብርሃን ግን ዩኒቨርስ ገና ሲሰፋ የተነሳና በመንገዱ የተለጠጠ ነው፤ ስለዚህ ለቢሊዮን ዓመታት ቀይ እንደሆነ ይደርሰናል።

ለልጅዎ ግን ይህን ይንገሯት፦ ዋናው ለውጥ የሚመጣው ከኮከቦቹ ሳይሆን በመካከላቸው ካለው ጨለማ ነው። ጨለማው ባዶ አይደለም፤ ከዩኒቨርስ ልጅነት የቀረ ጨረር ሞልቶታል። አሁን ሙቀቱ 2.7 ኬልቪን (ከመጨረሻው የቅዝቃዜ ወለል 2.7 ዲግሪ ከፍ ያለ) ብቻ ስለሆነ ዓይናችን አያየውም። ርቀቶች በግማሽ ሲያጥሩ 5.4 ይሆናል፤ ያኔም ሌሊቱ ጥቁር ነው። 100 እጥፍ ሲያጥሩ 270 ይደርሳል፤ የእናንተ የደጋ ውርጭ ማለት ነው፣ ያውም ከሰማዩ ከራሱ የሚመጣ። 1000 እጥፍ ሲሆን 2700፦ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር እንደ ድሮው አምፖል ክር ይግላል። ሌሊት የሚባል ነገር ያኔ ያበቃል።

የደጋው መምህር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለካ ጨለማውን ነበር መመልከት የነበረብኝ፤ ዛሬውኑ የትናንቱን አርምላታለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ከቤታችን በስተሰሜን ተራራ አለ፤ አንድሮሜዳን አይጋርድብንም?

ሰማይ ወዳድ፦
አይጋርድም። በዚያ ሰዓት ከአድማስ 60 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ነው የምትገኘው። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ጠብቁ፤ ስልክ አትክፈቱ።