ናቲን ወንድሜ በታክሱ አስገብቶታል፣ ምን ላድርግ?

የናቲ እናት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄን በአሳይለም (ጥገኝነት) ኬዜ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ማርች 2024 ነው። ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ወንድሜ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነበር። በ2025 መጀመሪያ ታክስ ላሠራ ስል ወንድሜ «ናቲን እኔ የማስተዳድረው ልጅ ብዬ በታክሴ ላስገባው፣ ላንቺ ብዙም አያመጣልሽም» አለኝ። እሺ ብዬ ለራሴ ብቻ አሠራሁ። ዘንድሮ ለብቻዬ ወጣሁና ልጄን አስገብቼ ሳሠራ ሪፈንዱን (ተመላሹን) አይቼ ደነገጥኩ። የናቲ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እኮ ከጁን 2024 ጀምሮ በእጄ ነው፣ ውዳሴ ማርያሜ ውስጥ። የዚያን ዓመቱን አሜንድ ማድረግ፣ ማለትም አስተካክሎ እንደገና ማስገባት፣ ይቻላል? ወንድሜስ ምን ይሆናል?

ሹፌሩ፦
ይቻላል እህቴ። ፎርሙ 1040-ኤክስ ይባላል። ዝርዝሩን ጋሼ ይንገሩሽ፣ እኔ ኤርፖርት ተሰልፌያለሁ።

ጋሼ ሒሳብ፦
ልጄ፣ ጊዜው አላለፈብሽም። ቀድመሽ ብታስገቢም የሚቆጠርልሽ ከመጨረሻው የማስገቢያ ቀን፣ ከኤፕሪል 15 ቀን 2025 ነው፤ ከዚያ ሦስት ዓመት አለሽ። ልጁ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ አብሮሽ ኖሯል። ሶሻሉም ከማስገቢያው ቀን በፊት ወጥቷል። ኦገስት ላይ መጥቶ ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው። ቻይልድ ታክስ ክሬዲት፣ ለልጅ የሚሰጠው የታክስ ቅናሽ፣ ለ2024 እስከ 2,000 ዶላር ነው። ታክስ ባይኖርብሽም፣ ሠርተሽ ካገኘሽ፣ ከዚያ ውስጥ እስከ 1,700 ሊሰጡሽ ይችላሉ። ገቢሽ አነስተኛ ከሆነ ደግሞ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት የሚባል፣ አነስተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጥ አለ፣ ለአንድ ልጅ እስከ 4,213። «ብዙም አያመጣልሽም» ያለሽ ሰው እንግዲህ አላሰላውም።
ወንድምሽን ግን ሌባ አታድርጊው። አብሮት የኖረን የእህቱን ልጅ አጎትም ማስገባት ይችላል፤ እናትየው ካላስገባችው እና የእሱ ገቢ ከእሷ ከበለጠ። አንቺ ካስገባሽው ግን የወላጅ ይቀድማል። የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ አይአርኤስ፣ ለሁለታችሁም ደብዳቤ ሊልክ ይችላል፣ የተሳሳተው ያስተካክል ብሎ። እሱ የወሰደውን ከነወለዱ ይመልሳል። ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ (የቤቱ ኃላፊ) ብለሽ ግን እንዳትሞይ፤ የቤቱን ወጪ ከግማሽ በላይ የቻልሽው አንቺ አይደለሽም። የስቴቱንም ታክስ አብረሽ አስተካክይ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ከነወለዱ? ደለስ ኤርፖርት ድረስ ሄዶ፣ ለልጁ ጃኬት ገዝቶ የተቀበላትን ወንድም? እኔ ስመጣ የተቀበለኝ የለም፤ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ነው ያነጋሁት። እህቴ፣ ተይው። የቤዝመንት ኪራይ ነው በይው።

ሚሚ ዳላስ፦
ኪራይ ከፈለገ ኪራይ ነው የሚባለው! በልጅ ስም ምን ያዞረዋል? እዚህም አይቻለሁ፣ አዲስ የመጣን ሰው ልጅ ለመሙላት የሚሻሙ ዘመዶች። ታክስ የሚሠራውም እያወቀ ዝም።

የናቲ እናት፦
ኪራይስ አልከፈልኩም። ግን ልጆቹን ከትምህርት ቤት የማመጣው፣ እንጀራውን የምጋግረው እኔ ነበርኩ። ማታ ደግሞ አሮጊት ልጠብቅ እሄዳለሁ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ገንዘቡስ ይመጣል ይሄዳል። እኔ በየወሩ ለእናቴ ገንዘብ ስልክ ስንት ዓመቴ፣ አንድ ቀን በታክስ አስገብቼያት አላውቅም።

ጋሼ ሒሳብ፦
አትገባማ! የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ካልሆነች ብትጦራትም አይቆጠርልህም።

ሹፌሩ፦
ጭራሽ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ወደ ውጭ በካሽ ስትልክ 1 ፐርሰንት ታክስ ጨምር ተብሏል። ከባንክ አካውንትህ ወይም በዴቢት ካርድ ከላክህ የለበትም። እኔ ካሼን ይዤ ሄጄ ቆርጠውኝ ነው የገባኝ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እማዬ እኮ አሁንም «ልጄ፣ በላህ ወይ?» ነው የምትለኝ። ስለ ብሩ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም።

ሚሚ ዳላስ፦
ወይ አንተ፣ የልጅቷን ጥያቄ የት አደረስከው! እህቴ፣ አስገቢው። ነገ ናቲ ትምህርት ቤት ብዙ ይጠይቅሻል።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሚሚ፣ አንቺ ወንድም የለሽም መሰለኝ።

ሚሚ ዳላስ፦
ሦስት አሉኝ። ለዚህ ነው የምናገረው።

ጋሼ ሒሳብ፦
ተዉ እንጂ። ልጄ፣ አስቀድመሽ ለወንድምሽ ንገሪው። እሱ ቀድሞ የራሱን ቢያስተካክል ለሁለታችሁም ይቀላል። ያንቺ አሜንድ ብቻውን እስከ 16 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የትምህርት ቤቱን ምዝገባና የሐኪሙን ወረቀት ከአሁኑ ሰብስቢ።

የናቲ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እሑድ ወንድሜ ቤቱ ጠርቶናል፣ የልጁ ልደት ነው። እንዴት ብዬ ኬክ እየበላሁ አነሳዋለሁ? አሜንዱን ሳልነግረው ብልከውስ፣ ደብዳቤው ላይ ስሜን ያያል?

ጋሼ ሒሳብ፦
ስም አይጽፉም። ግን ሌላ ማን ሊሆን ነው፣ ልጄ?