ክርክር፦ ለድሬ ቤት ፋይበር ይሻላል ወይስ ሲም ያለው ራውተር?

የሳቢያኗ እናት፦
ሰላም ጀማዓ። ቤት ኢንተርኔት ላስገባ ነው። አንዱ በገመድ ቤት ድረስ የሚመጣውን ፋይበር አስገቢ ይለኛል። ሌላው ሲም የሚገባበት ራውተር ግዢና ሶኬት ላይ ሰክተሽ ተገላገይ ይላል። ቤቱ የራሳችን ነው። ልጄ ትምህርቷን የምትከታተለው በኦንላይን ነው፤ ክፍሏ ደግሞ ማታ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

የከዚራው ተከራይ፦
አቦ ይሄ ምን ይጠየቃል? ሲም ያለው ራውተር! እኔ በ3 ዓመት 4 ቤት ቀይሬያለሁ። ራውተሩን ከሻንጣዬ ጋር ባጃጅ ላይ እጭናለሁ፤ የዚያኑ ቀን ማታ ዋይፋይ አለኝ። ፋይበር ቢሆን አከራይ ለምኖ፣ ግድግዳ በስቶ፣ መስመሩ እስኪዛወር ጠብቆ ነው። ደግሞ ከቴሌ ሌላ የኩባንያ ምርጫ የመጣው በእኛ ከተማ በኩል ነው። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሙከራውን የጀመረው ከአዲስ አበባ በፊት ድሬዳዋ ላይ ነው። ስንት ዓመት በአንድ ቴሌ ብቻ ኖረን፣ አሁን መልሰን ራሳችንን በገመድ የምናስርበት ምክንያት አይታየኝም።

ጋሼ ከመጋላ፦
ልጄ፣ አንተ ተከራይ ነህ፣ እሷ ባለቤት ናት። የማንን ቤት ነው የምትመክረው? የስልክ ሽቦ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው በምኒልክ ዘመን ነው። ያኔም ሽቦ መዘርጋት አድካሚ ነበር፤ ግን ተዘረጋ። ቤትሽ ድረስ የመጣ መስመር የራስሽ ነው። የአየሩን ማንም ይሻማሻል። ፋይበር አስገቢ።

መስመር ዝርጋታ ላይ የሠራሁ፦
ጋሼ፣ አንድ ቦታ ላይ ላርምህ። ፋይበሩም ሙሉ በሙሉ የብቻዋ አይደለም። ቤት ለቤት በሚገባው አሠራር አንዱ ክር መከፋፈያ ላይ ሲደርስ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ሊበተን ይችላል። ልዩነቱ የአቅሙ ነው። በተለመደው ዓይነት ያ ክር በሰከንድ 2.5 ጊጋ ቢት ገደማ ስለሚሸከም ለጎረቤት ተካፍሎም ይተርፋል።

ታወር ግን እንደዚያ አይደለም። የሚሰጠውን አቅም በዙሪያው ያለ ስልክም ራውተርም ሁሉ ይቀዳበታል። ቀን 6 ሰዓት ላይ የሚበር ኔትወርክ፣ ማታ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ደጅ ፍራሽ አንጥፎ ስልኩን ሲከፍት ይዝላል። የልጅሽ ክፍል ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ የማንንም ማስታወቂያ ሳትሰሚ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እሷ በምትቀመጥበት ክፍል ለኪ። አንድ ቀን ብቻ አይበቃም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ፓኬጁ ላይ 10 ሜጋ ሲል በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ማለቱ ነው። ፋይል ሲወርድ ብዙ ጊዜ የምናየው በባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ ለ8 ሲካፈል 1.25 ይመጣል። ብዙ ሰው ተጭበረበርኩ ብሎ የሚጣላው እዚህ ጋ ነው። ሁለተኛው፣ ወደ ቤትሽ የሚመጣው መዳብ ነው ወይስ ፋይበር ብለሽ አስረግጠሽ ጠይቂ። በመዳብ የሚመጣ ኢንተርኔት ከማከፋፈያው በራቀ ቁጥር ይደክማል።

ከጁገል፦
እኔ ሥራዬ ቪዲዮ መጫን ነው። የሐረር የድንጋይ ግድግዳ ሲም ያለውን ራውተር አፈነብኝ። መስኮት ላይ ሳወጣው ሲግናል አገኘ፤ ከሰዓት ግን ፀሐዩ አግሎት ራሱን ያጠፋል። በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቅዘው ነበር፣ እባካችሁ እንዳትሞክሩት። ፋይበር አስገባሁና ተገላገልኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ መንገድ ሲቆፈር ገመዱ ተቆርጦ 9 ቀን ያለ ኢንተርኔት ቀረሁ። ያን ሰሞን ያዳነኝ የስልኬ ዳታ ነው።

የከዚራው ተከራይ፦
ይኸው! 9 ቀን! እኔ ራውተሬ ቢበላሽ ሲሙን አውጥቼ ስልኬ ላይ እከታለሁ።

መስመር ዝርጋታ ላይ የሠራሁ፦
ልክ ነህ፣ ለአንተ ኑሮ የመረጥከው ትክክል ነው። መብራቱንም አትርሱ። የድሮው የመዳብ ስልክ መብራት ጠፍቶም ይሠራ ነበር። ፋይበር የሚሸከመው ብርሃን ነው፣ ኤሌክትሪክ አይደለም። ቤት ውስጥ ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥንና ራውተሩ ካልበሩ መስመሩ ደህና ሆኖም ኢንተርኔት የለም። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ አብረሽ ግዢ። «ያልተገደበ» የሚለውንም ውሉ ላይ አንብቢ። ከተወሰነ ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ የሚወርድ ከሆነ እዚያ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

የሳቢያኗ እናት፦
እንዳላችሁኝ አደረግኩ። የጎረቤቴን ሲም ያለው ራውተር ተውሼ ልጄ ክፍል ውስጥ 3 ማታ ለካሁ። ቀን 31 ሜጋ የነበረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንዴ 4፣ አንዴ 6፣ አንዴ 3 ሆነ። በ3ኛው ማታ የመምህሯ ድምፅ እየተቆራረጠ ልጄ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ስትሰማ አየኋት። ፋይበር አስመዘገብኩ። የሌላውን ኩባንያ ሲም ደግሞ ለክፉ ቀን አስቀምጣለሁ። የከዚራው ልጅ፣ እንዳትቀየመኝ።

የከዚራው ተከራይ፦
አብሽሪ። እኔም ቤት ስሠራ አስገባለሁ፤ እስከዚያው ግን አልለወጥም።

የሳቢያኗ እናት፦
ቅዳሜ ሊዘረጉ ይመጣሉ። ራውተሩ የት ይሁን? ሳሎን ቴሌቪዥኑ ጋ ልበላቸው?

መስመር ዝርጋታ ላይ የሠራሁ፦
ቴሌቪዥን ኋላ በፍጹም እንዳይሆን። ኮሪደሩ ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ የልጅሽን በር እያየ ይቀመጥ። ገመዱ ስለሚያጥር ሳይመጡ በፊት ለክተሽ ንገሪያቸው።