ግቢ ውስጥ አይታችሁት እስካሁን ከዓይናችሁ ያልጠፋ ነገር ምንድን ነው?

ታላቅ እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሿ እህቴ ዘንድሮ ግቢ ትገባለች። ውጤት ከመጣ ጀምሮ ስለ ዶርም፣ ስለ ካፌ፣ ስለ ብርድ ልብስ ስትጠይቀኝ ነው የምትውለው። ትናንት ደግሞ "ግን ግቢ ውስጥ ምን አለ?" አለችኝ፤ ያልጠበቅኩት ጥያቄ ነው።

እኔ የተማርኩት ስድስት ኪሎ ነው። አሁን ሙዚየም የሆነው የድሮው ቤተ መንግሥት ደጅ ላይ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በቃ፣ ሰማይ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ የአንበሳ ሐውልት ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሃንድአውት ታቅፌ በአጠገቡ ስሮጥ አንድም ቀን ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሦስተኛ ዓመት ላይ አጎቴ ከገጠር መጣና ግቢውን ሳስጎበኘው አንድ አባት ቆም ብለው አስረዱን። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ አንድ ደረጃ ደረደሩ። እነሱ ከተባረሩ በኋላ አንበሳው ከላይ ተቀመጠበት። አጎቴ ይህን ሲሰማ ባርኔጣውን አውልቆ ዝም ብሎ ቆመ። እስካሁን ደረጃውን ሳስብ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

የእናንተስ? ስለ ትምህርቱ ሳይሆን በዓይናችሁ የቀረውን ንገሩኝ፣ አነብላታለሁ።

የኬኔዲ ደንበኛ፦
እኔም ስድስት ኪሎ ነኝ። እህትሽ እዚያ ከደረሳት ወደ ሙዚየሙ ውስጥም ትግባ። ያ ቤተ መንግሥት፣ ገነተ ልዑል፣ ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠው እኮ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ነው። ባለሥልጣናቱ የተረሸኑበት አረንጓዴ ሳሎን እዚያው ነው፣ በዓመቱ ግቢው የተማሪ ሆነ። የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት እንዳለ ተቀምጧል። መስታወቱ ላይ የዚያን ጊዜ ጥይት የበሳው ቀዳዳ አለ። እኔ ፊቴን በዚያ መስታወት ካየሁ በኋላ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ማንበብ አቅቶኝ ተመለስኩ።

ሌላው ድምፅ ነው። በኛ ጊዜ ንጋት ላይ የአንበሳ ግቢ አንበሶች ሲያገሱ ዶርም ድረስ ይሰማል። የመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ልጅ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነጋለት። ከሁለት ወር በኋላ ግን እንደ ደወል ሆነልን፣ አንበሳው ሲያገሳ ተነስተን እንቸክል ነበር።

ጫሞ፦
አርባ ምንጭ ከደረሳት አንድ ነገር ንገሪያት፦ መስኮት ክፍት ትታ አትውጣ። ዝንጀሮ ይገባል። እኔ ለማታ ያስቀመጥኩትን ዳቦ አንዱ ይዞብኝ ወጣ፣ ግን ሮጦ አልሄደም፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ እየቆረሰ በላው። ዓይን ለዓይን ተያየን። ፍሬሽ ስለነበርኩ ቤቴ በጣም ናፍቆኝ ነበር፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅኩ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ነው ከተማው የለመደኝ። ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆና ዓባያንና ጫሞን ጎን ለጎን ትይ፣ በመሃል የእግዜር ድልድይ አለ። አንዱ ሐይቅ ቀላ፣ አንዱ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

አራተኛ ፎቅ፦
የኔ ቤተ መንግሥትም ሐይቅም የለውም፣ የግቢውን ስምም አልጠራም። በኛ ጊዜ ውሃ ቀን ይጠፋና ሌሊት ይመጣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሰው ኮሪደሩ ላይ "ውሃ መጣች!" ብሎ ይጮኻል፣ ሕንፃው በሙሉ ይነሳል። ቢጫ ጀሪካን፣ ነጭ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ፒጃማ፣ ነጠላ። ዲፓርትመንታችንም ቋንቋችንም የተለያየ፣ ቀን ብንገናኝ ሰላም የማንባባል ልጆች እዚያ ሰልፍ ላይ ነው የተዋወቅነው። አንዷ የእናቷን በሶ በኩባያ በጥብጣ ይዛ ትመጣና ሰልፉን ሁሉ ታቀምሳለች። ተመርቀን ስንት ዓመታችን፣ ሠርጌ ላይ ሚዜ የሆነችው እሷ ናት። ውሃ መጥፋቱ ልክ ነው እያልኩ አይደለም፣ ተማሪ ውሃ ሊያገኝ ይገባል። ግን የጠየቅሽው በዓይን የቀረውን ስለሆነ፣ የኔ ያ ሰልፍ ነው።

ታላቅ እህት፦
ሁሉንም አነበብኩላት፣ ተባረኩ። የአንበሳውን ሁለቴ አስደገመችኝ። አራተኛ ፎቅ፣ ላንቺ ጥያቄ አላት፦ ጀሪካኑ ባለ ስንት ሊትር ይሁን?

አራተኛ ፎቅ፦
ባለ አምስት፣ ሁለት ትያዝ። ባለ ሃያውን ሞልታ ደረጃ አትወጣበትም። ስሟን በማርከር ትጻፍበት።